የኮምፒውተሩ ጓዳ ስንት ሰዓት ላይ ይጠረጋል?



የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ኮምፒውተር ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ቤታችሁ ያለው ማሽን አስመርሯችኋል ማለት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሱቄ ደጃፍ ላይ ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ አንድ ነው፦ «ይንቀራፈፋል፤ ፎርማት አድርግልኝ።» ሆዱን የቆረጠው ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ገና ከበሩ «ቀዶ ሕክምና አድርጉልኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም እንዲህ ነን፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይታዘዛል።

በዚህ ነገር እኛ ጠጋኞቹም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ፎርማት ማድረግ ቀላል ነው፣ ዋጋው የታወቀ ነው፣ ደንበኛውም ለጥቂት ሳምንታት ደስ ይለዋል። ከዚያ ማሽኑ ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል፤ ደንበኛውም ወደ እኛ። እኔም ለብዙ ዓመት በዚሁ ዳቦ በልቻለሁና ዛሬ የማወራው እንደ ንስሐም ይቆጠርልኝ።

ርእሳችን ጓዳ ነው። ቤታችን ሳሎንና ጓዳ እንዳለው ሁሉ ኮምፒውተርም አለው። ሳሎኑ ማያው ነው፤ የከፈታችሁት ደብዳቤ፣ የልጁ የቤት ሥራ፣ ፊልሙ። ጓዳው ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያዝ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። ዲፌንደር የሚባለው ጠባቂ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየገለጠ ቫይረስ ይፈልጋል። ሰርች ኢንዴክስ የሚባለው የሰነዶቻችሁን ስምና ይዘት እየመዘገበ ማውጫ ያዘጋጃል፤ ፋይል ስትፈልጉ ቶሎ የሚገኝላችሁ በእሱ ድካም ነው። ሌላው ዲስኩን ያስተካክላል፣ ሌላው የቆየ ጊዜያዊ ፋይል ይጠርጋል፣ ሌላው አፕዴት አውርዶ ይጭናል። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ሜንቴናንስ ይለዋል። እኛ «ጥገና» ብለን ስለተረጎምነው የተበላሸ ነገር ያለ ይመስለናል። የተበላሸ ነገር የለም፤ የየዕለት የጓዳ ሥራ ነው።

እናቶቻችን እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ቤት መጥረግ ነውር ነው ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህ አያልፍም። ማሽናችሁ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ አርጅቶ ወይም ቫይረስ ገብቶበት አይደለም፤ እናንተ ሳሎን ተቀምጣችሁ እያለ እየጠረገ ነው። ጥያቄው ታዲያ ይህን ባለጌነት ማን አስተማረው የሚለው ነው።

ዊንዶውስን የሠሩት ሰዎች ባለጌ እንዲሆን አልፈለጉም። ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝና፣ በ2007 በወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ላይ ዲስክ የማስተካከሉን ሥራ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አድርገውት ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ደግሞ የተበታተነውን የጓዳ ሥራ ሰብስበው አውቶማቲክ ሜንቴናንስ የሚባል አንድ የጋራ ሰዓት ሰጡት። በዊንዶውስ 10 ላይ ከፍታችሁ ብታዩት ተጽፎ የምታገኙት 2፡00 ኤኤም ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ሥራው በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይም ገደብ አለው። እንዲጀምር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማሽኑ ይብራ ወይም በእንቅልፍ ላይ ይሁን፣ ከመብራት ጋር የተያያዘ ይሁን፣ ሰውም አይንካው። ጨዋ ደንብ ነው።

ነገር ግን ይህ ደንብ የተሠራው ማሽኑን ሳያጠፋ ለሚተኛ ቤት ነው። እስቲ እጃችሁን አውጡ፤ ማታ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ የሚተኛ ማነው? ሁለት… ሦስት። ይኸው ነው። እኛ ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ስታቢላይዘሩንም ከግድግዳው ነቅለን ነው የምንተኛው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣውን ጣጣ ስለምናውቅ አልተሳሳትንም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጓዳው እንዲጠረግ የታዘዘው ማሽን ግን በዚያ ሰዓት ሬሳ ነው። ሥራውም አይሰረዝም፤ ያድራል። በማግስቱ ማሽኑ በርቶ፣ ከመብራት ተያይዞ፣ እናንተ ለጥቂት ደቂቃ ከኪቦርዱ ዞር ስትሉ «አሁን ነው!» ብሎ ይነሳል። ስልክ ልታነሱ፣ በር ልትከፍቱ ሄዳችሁ ስትመለሱ ፋኑ ይጮኻል፣ ማውሱ ይጎተታል። ሳምንቱን ሙሉ ያደረው ዕዳ የሚከፈለው በእናንተ ሰዓት ላይ ነው።

ላፕቶፕ ሲሆን ይብሳል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ትሠራላችሁ፤ በባትሪ ላይ ጓዳው ይታገሣል። መብራት መጣ ብላችሁ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ዞር ስትሉ ሦስቱም ነገር ይሟላል። «መብራት ሲመጣ ነው የሚብስበት፤ ኃይሉ በዝቶበት ይሆን?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። ያዩት ነገር ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛዬ፣ ቤቷ ሆና ለትንንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ የምትሠራ ሴት፣ ወንድሟ ከአሜሪካ የላከላትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ጠዋት ደህና ነው፤ ምሳ ሰዓት አካባቢ ግን ይሞታል። ሙቀት ይሆናል ብላ ከሥሩ ማራገቢያ ገዝታለታለች። እኔም መጀመሪያ ያመንኩት ሙቀቱን ነው፤ ፈታሁት፣ አቧራውን ነፋሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ሰጠኋት። በሳምንቱ ተመለሰች። ያኔ ነው የማያውን ጥግ ያየሁት፤ እኔ ጋ ቀን 7 ሰዓት ተኩል፣ ማሽኑ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል። የሰዓት ቀጠናው እንደመጣ የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ነበር። እሷ ሰዓት የምታየው ስልኳ ላይ ስለሆነ ልብ ብላው አታውቅም። ያ ማሽን ምንም ጥፋት የለበትም፤ አሜሪካ እንቅልፍ ላይ ናት ብሎ፣ እሷ ምሳ ልትበላ ስትነሳ ጠብቆ፣ በደንቡ መሠረት ጓዳውን ይጠርግ ነበር። እዚያ በጋ ሲገባ ሰዓታቸውን በአንድ ስለሚያስቀድሙ፣ በጋቸው ላይ ደግሞ ችግሩ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከዘመድ የተላከ ላፕቶፕ ያላችሁ ዛሬ ማታ ገብታችሁ የሰዓት ቀጠናውን እዩት። ናይሮቢ የሚለውን ብትመርጡ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የራሴ ነውና ሳቃችሁን እችላለሁ። ወጣት ሳለሁ የፈረንጅ ሰዓት ቁጥር አስጠላኝ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ማሽኔም 2 ሰዓት እንዲል ፈለግሁ። በእጅ መቀየሩ አይጸናም፤ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ መልሶ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውስጥ ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ አገር ፈልጌ ቦነስ አይረስን መረጥኩ። ሰዓቱ ልክ በእኛው አቆጣጠር ሆነ! በራሴ ብልሃት ኮራሁ፤ ለጓደኞቼም አስተማርኩ። ልብ ያላልኩት፣ ማሽኑ «2፡00 ኤኤም» የሚለው ልክ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ልጀምር ስቀመጥ መሆኑን ነው። አብርቼው ሻይ ላመጣ ስነሳ ጓዳው ይጀምራል። አፕዴት እንዳይረብሽ የሚጠብቀው የሥራ ሰዓት፣ አክቲቭ አወርስ የሚባለው፣ እንደመጣ ከ8 ኤኤም እስከ 5 ፒኤም ነው፤ በእኔ አርጀንቲና አቆጣጠር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ሆነ። ጠዋት ሙሉ «ባለቤቱ ተኝቷል» ብሎ ያምናል፤ አንድ ቀን ያልጨረስኩትን ጽሑፍ ትቶ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ዛሬም በየቤቱ በዚህ ዘዴ አርጀንቲና የሚኖሩ ማሽኖች ያጋጥሙኛል፤ አንዳንዶቹን ሳያቸው የራሴ ትምህርት ዘር መሆናቸውን እጠረጥራለሁ።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ነገሩን የሚያውቅ ሰው «ዊንዶውስ እኮ ለጓዳ ሥራ ዝቅተኛ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ዘወር ይላል» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ይህ ጨዋነት የቆየ ነው፤ ዩኒክስ የሚባለው የድሮ ሥርዓት ናይስ የሚል ትእዛዝ አለው፣ «ትሑት ሁን» እንደማለት። አንድ ሥራ ትሕትናው የሚለካው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለሌላው «ይቅደሙ» እያለ ወደ ኋላ ይቆማል። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ዲስክ ላይ ሳይቀር እንዲህ ዓይነት ይቅደሙ አለው።

ታዲያ ለምን ይጎትታል? መልሱ ዲስኩ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በብዙዎቻችን የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። በላዩ ላይ የሚነበበውን ቦታ እየፈለገ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ፤ አንዱ ጉዞው 10 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ደምሩት፤ ተበታትነው የተቀመጡ ፋይሎችን ሲያነብ በሰከንድ 100 ቦታ እንኳ አይደርስም። ዲፌንደር ደግሞ የሚገልጠው ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይል ነው። እናንተ ወርድን ስትከፍቱ ጓዳው «ይቅደሙ» ይላል፣ ግን ክንዱ ወደ ሳሕኑ ጫፍ ሄዷል፤ እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ። ተመልሶ ለእናንተ አነበበ፤ ትንሽ ፋታ ስትሰጡት ደግሞ ወደዚያው ይሄዳል። ጠባብ በር ላይ ሁለት ጨዋ ሰዎች «እርስዎ ይቅደሙ» «የለም እርስዎ» ሲባባሉ በሩን መዝጋታቸው አይቀርም።

ራም ነገሩን ያባብሰዋል። 4 ጊጋባይት ብቻ ባለው ማሽን ላይ የጓዳው ሥራ ቦታ ሲፈልግ እናንተ ከፍታችሁ የተዋችሁት ክሮም ወደ ዲስክ ይገፋል። ከምሳ ስትመለሱ ጓዳው ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ክሮም ግን ከዲስኩ ተመልሶ እስኪነበብ ይጎተታል። «ምንም ሳይሠራ ዘገየ» የምትሉት ይህን ነው። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ላይ የሚዞር ሳሕንም ክንድም የለም፤ አንዱ ንባብ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ያልቃል። ለዚህ ነው ገንዘብ ያለው ሰው ምከረኝ ሲለኝ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ አስገባ የምለው። ገንዘብ ለሌለው ግን ሰዓት ማስተካከል አለ፤ እሱ በነጻ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ማሽኑ በጎተተ ጊዜ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ዲስክ የሚለውን ዓምድ ተጫኑት፤ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሲኪዩተብል የሚል ካያችሁ ዲፌንደር ነው። ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር ከሆነ አፕዴት እየጫነ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርች ኢንዴክሰር ስሙ ራሱ ይናገራል። አንድ ወጣት የመጀመሪያውን ስም አይቶ «ቫይረስ አገኘሁ» ብሎ ሊያጠፋው ሲታገል አምሽቶ መጥቷል፤ ዘበኛውን ሌባ ነው ብሎ ሲደበድብ ማደሩ ነበር።

ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሴኪዩሪቲ ኤንድ ሜንቴናንስ የሚለውን ግቡ፤ ሜንቴናንስ የሚለውን ዘርጉትና ቼንጅ ሜንቴናንስ ሴቲንግስ የሚለውን ተጫኑ። አንድ የሰዓት ሳጥንና አንድ ምልክት የሚደረግበት ቦታ ታገኛላችሁ። ሰዓቱን ማሽኑ በርቶ፣ ተሰክቶ፣ እናንተ ግን በማትነኩበት ጊዜ ላይ አድርጉት። እኔ ቤት ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በፈረንጁ 4፡00 ፒኤም። የጓዳው ሥራ ገደቡ 1 ሰዓት ነው ብያችኋለሁ፤ አቦል ሲቀዳ ከጀመረ በረካው ሲደርስ ያበቃል። የእናንተ ቤት ሰዓት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እራት፣ ዜና፣ ልጆቹ የሚታጠቡበት። ምልክቱ ማሽኑ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሶ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው፤ ነቅሎ ለሚተኛ ቤት ምንም አይጠቅምምና አንሱት። በፊት ሜንቴናንስን የዘረጋችሁበት ገጽ ላይ ስታርት ሜንቴናንስ የሚል ቁልፍም አለ፤ ብዙ ቀን ጠፍቶ የሰነበተ ማሽን ካላችሁ ራሳችሁ አስነሡትና ሄዳችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ።

የአፕዴቱን የሥራ ሰዓት በሴቲንግስ ውስጥ በልኩ አስተካክሉ፤ እስከ 18 ሰዓት ድረስ መዘርጋት ይቻላል። ማሽኑ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን በዚያው በታስክ ማኔጀር፣ ስታርታፕ በሚለው ገጽ ቀንሱ፤ ሃይ ኢምፓክት የተባለውንና የማትጠቀሙበትን ዲሴብል በሉት። ኢንዴክሱን አታጥፉት፤ ይልቅ ፊልምና ሙዚቃ የሞላበትን ፎልደር ከዝርዝሩ አውጡለት። ፊልም በስሙ እንጂ በይዘቱ የሚፈልግ ሰው አላየሁም።

ስለ ዳታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁላችንንም ኪሳችን ላይ ይነካናልና። ከስልክ ሆትስፖት ስታገናኙት ማሽኑ ያልተገደበ መስመር ያገኘ ይመስለዋል፤ አፕዴቱን ሊያወርድ ይነሳል፣ ጥቅሉም ሳታዩት ያልቃል። የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ፤ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ያወረዳችሁትን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያካፍላል። ቤት ውስጥ ላሉት ብቻ ከሆነ ደግ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ላለው ሁሉ ከተፈቀደ ግን ጥቅላችሁን እየመጸወታችሁ ነው። ያንን ዝጉት። ሜተርዱን ግን ለዘለዓለም እንዳትተዉት፤ ሰፊ መስመር ባገኛችሁ ቀን፣ ቢሮም ይሁን ዘመድ ቤት፣ አንሡትና ይውረድ።

አሁን የምቆጣበት ክፍል ላይ ደረስኩ። «ኮምፒውተር አፍጣኝ» ብለው የሚመክሩ ሰዎች የመጀመሪያ ምክራቸው «አጥፋው» ነው። ዲፌንደርን አጥፋ፣ አፕዴትን አጥፋ፣ ፕሮግራሞችን ቶሎ ለመክፈት የሚያዘጋጀውን ሲስሜይንን አጥፋ። ጓዳው ሲጠረግ ረበሸኝ ብሎ የቤት ሠራተኛውን ማባረር ይህ ነው። ለአንድ ወር ቤቱ ጸጥ ይላል። ፍላሽ ከሰው ወደ ሰው በሚዞርበት አገር ዲፌንደርን ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ሱቄ ውስጥ ያየሁትን ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበት ፎልደር ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይሮ የመጣ ተማሪ ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። በዊንዶውስ 10 ላይ ላላችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ጠባቂው ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ቅኝቱ ከበዛባችሁ እሱም የሚገታበት መንገድ አለው፤ ሲቃኝ ከፕሮሰሰሩ በአማካይ ስንት እጅ እንዲወስድ የሚወስን ቁጥር አለ፣ እንደመጣ 50 በመቶ ነው፣ በፓወርሼል ወደ 20 ማውረድ ይቻላል። ቅኝቱ ይረዝማል፤ እናንተ ግን አትሰሙትም።

ሬጂስትሪ አጽጂ፣ ራም አስፊ የሚባሉትን ፕሮግራሞች አታስገቡ። ብዙዎቹ ራሳቸው ሌላ የጓዳ ሥራ ናቸው። ፕሪፌች የሚባለውን ፎልደር ባዶ አድርጉ የሚላችሁንም አትስሙ፤ ማሽኑ ፕሮግራሞቻችሁን ቶሎ ለመክፈት የያዘውን ማስታወሻ መቅደድ ነው፣ እንደገና እስኪጽፈው ይብሱን ይዘገያል። ኤስኤስዲ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ «ዲፍራግ ዲስኩን ይጨርሰዋል» ብላችሁ የሳምንቱን ማስተካከያ አትዝጉ። ዊንዶውስ የዲስኩን ዓይነት ያውቃል፤ ለኤስኤስዲ በዋናነት ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፣ «ይህ ቦታ ባዶ ነውና ልትጠቀምበት ትችላለህ» ብሎ መንገር ነው። እሱን መከልከል ነው በጊዜ ብዛት የሚያዘገየው።

አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንዴክሱ ከባዶ ይጀምራል፣ አፕዴቱ ይወርዳል፣ ጠባቂው ሁሉንም ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ፎርማት ተደርጎ በማግስቱ «አሁንም ይዘገያል» ተብሎ የሚመለሰው ማሽን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሰክታችሁ፣ ሳትነኩ ተዉት።

ከእኔ ይበቃል። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ፤ በየተራ የሰዓት ቀጠናውን እናያለን፣ የጓዳውንም ሰዓት እንሞላለን። ማከፋፈያው እዚህ ሥር ነው፤ ቻርጀራችሁን ሰኩት፣ በባትሪ ላይ ጓዳው ይታገሣል ብያችኋለሁ። አርጀንቲና የሚኖር ማሽን ያለው ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይምጣ።